የቃል ፍቺን ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በምን ልጀምርላቸው?

የፍቺ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሥነ ፍቺን መግቢያ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ተማሪዎቼ የሥነ ልሳን ሁለተኛ ዓመት ናቸው፣ ወደ ሃምሳ ይጠጋሉ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ባለፈው ሳምንት ነበር፤ አልሆነልኝም። የእንግሊዝኛው መማሪያ እንደሚያደርገው "ባችለር" በሚለው ቃል ጀመርኩ። ሰው፣ ወንድ፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ፣ ያላገባ። አራቱን ሰሌዳ ላይ ደረደርኩ። ልጆቹ ጻፉ። ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልተከራከረም። በመጨረሻ ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ፤ "ፈተና ላይ ይመጣል?" አለኝ።

እኔ ይህን ትምህርት እወደዋለሁ። የአንድ ቃል ፍቺ የት ነው ያለው፣ ጭንቅላታችን ውስጥ ነው ወይስ ዕቃው ላይ ወይስ በመካከላችን፣ የሚለው ጥያቄ ተማሪ ሳለሁ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። እነሱ ግን ፍቺ ማለት ከመዝገበ ቃላት ተገልብጦ የሚጻፍ ነገር ነው ብለው ነው የመጡት። አልፈርድባቸውም። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ "ለሚከተሉት ቃላት ተመሳሳይ ስጡ" እየተባሉ ነው ያደጉት።

እስቲ ያስተማራችሁም የተማራችሁም ንገሩኝ። በየትኛው ቃል ጀመራችሁ?

አሮጌ ጠመኔ፦
ልጄ፣ ምሳሌው መጥፎ አይደለም። በባዕድ ቃል ስላቀረብሽው ነው ያልነካቸው። ያንኑ ነገር "ወንደላጤ" ብለሽ ጠይቂያቸው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

መጀመሪያ "ያላገባ ወንድ ነው" ይሉሻል፤ ሁሉም ይስማማሉ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ጠይቂ። ሰውዬው ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ አላገባም፣ ግን እናቱ ቤት ነው የሚኖረው፣ ምግቡን የምታቀርብለትም እሷ ናት። ወንደላጤ ነው? ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። መነኩሴስ? አይደለም ይላሉ፤ ያላገባ ወንድ መሆኑን ግን ማንም አይክድም። አሁን ደግሞ ባለትዳሩን አምጪላቸው። ሚስቱ ለሦስት ወር ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳለች፣ እሱ ምሳውንም እራቱንም ምግብ ቤት ነው የሚበላው፣ ጎረቤቱ መንገድ ላይ ሲያገኘው "ወንደላጤ ሆንክ አይደል?" ይለዋል። ታዲያ ማግባትና አለማግባት የት ገባ?

በዚህ ጊዜ አንዱ ይነሳና "ወንደላጤ ማለት ቤቱ ውስጥ ሰው የማያበስልለት ነው" ይላል። አንዷ ደግሞ "ራሱ የሚያበስለውስ?" ትለዋለች። በቃ፣ ትምህርቱ ተጀመረ። አሜሪካውያኑ የፍቺ ተመራማሪዎች ካትዝና ፎዶር እ.ኤ.አ. በ1963 ያንን "ባችለር" የሚለውን ቃል ለምን እንደበታተኑት፣ ከእነሱ በኋላ የመጡትስ "የሮማው ጳጳስ ባችለር እንዴት ሊሆኑ ነው?" ብለው ለምን እንደጠየቁ ያኔ ብትነግሪያቸው ጆሮ አላቸው። ስምና ዓመተ ምሕረት ከክርክሩ በኋላ ይምጣ።

"ሴተላጤ"ንም አትርሺ። ከወንደላጤ ጋር ጥንድ ይመስላል። ሰው ሲሰማው የሚያስበው ግን ጥንድ አይደለም። እማሬያዊና ፍካሬያዊ ፍቺን፣ ማለትም ቃሉ በቀጥታ የሚለውንና በሰው ልብ የሚያጭረውን፣ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሴቶቹ ተማሪዎች ይናገሩበት።

ጥብቅ ሐሳብ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ክርክሩ ደስ ይላል፣ ክፍሉም ይሞቃል፣ ግን ተማሪው ሲወጣ ምን ይዞ ወጣ? ሥነ ፍቺ ዘዴ ያለው ሙያ ነው። ቃል የሚጠቁመው ነገርና ቃሉ ነገሩን የሚያቀርብበት መንገድ መጀመሪያ ካልተለዩላቸው ሌላው ሁሉ ይደባለቅባቸዋል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ፍሬገ ይህን እ.ኤ.አ. በ1892 ለይቶ አስቀምጦታል፤ የንጋቱ ኮከብና የምሽቱ ኮከብ አንድ አካል ናቸው፣ ቬነስ፣ ግን ሁለቱ ስሞች አንድ ነገር አይነግሩንም። ከዚህ መጀመር አለባት ባይ ነኝ። ደግሞም የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚፈተኑትም በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ምሳሌ ብቻ ካሞቅናቸው በኋላ መጽሐፉን ሲከፍቱ ሌላ አገር ይሆንባቸዋል።

የፍቺ መምህርት፦
ጥብቅ ሐሳብ፣ ሐሳብህን እቀበላለሁ፣ ግማሹን። ፍሬገ ይመጣል። ግን እሱም እኮ በአማርኛ አለ። "አጥቢያ ኮከብ"ን ሁሉም ልጅ ያውቃል፣ ቢያንስ ከአያቱ ሰምቷል። ከምሽቷ ኮከብ ጋር አንድ መሆናቸውን ግን ከተማሪዎቼ ስንቱ ያውቃል? የማያውቀው ልጅ "አጥቢያ ኮከብ የምሽቷ ኮከብ ናት" ሲባል አዲስ ነገር ተማረ፤ "አጥቢያ ኮከብ አጥቢያ ኮከብ ናት" ቢባል ግን ምንም አልተማረም። ፍሬገ ያለው ይህንኑ ነው። ልጁ በራሱ አለማወቅ ላይ ቆሞ ነው የሚያገኘው።

የእንግሊዝኛው ነገር ግን አሳስቦኛል፣ አልዋሽም። መፍትሔው አልመጣልኝም ገና።

ሲኒና ረከቦት፦
ዕቃ ይዘሽ ግቢ! ከቤትሽ ያለውን ሰብስቢ፤ ሲኒ፣ ፍንጃል፣ ኩባያ፣ ብርጭቆ፣ ጣሳ፣ ዋንጫ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ከተገኘ ቅልም። ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና "ይሄ ምን ይባላል?" ብለሽ አንድ በአንድ ጠይቂ፣ መልሱን ሳይነጋገሩ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሲኒው ላይ ሃምሳውም አንድ ነገር ይጽፋሉ። ትልቁና ጆሮ የሌለው ላይ ስትደርሺ መልሱ ይበታተናል።

ከዚያ ሁለተኛውን ዙር አድርጊ። ያው ዕቃ ነው፣ ግን አሁን ቡና ተቀድቶበታል በያቸው፣ ቀጥሎ ሹሮ ተደርጎበታል በያቸው። ስሙን የሚቀይር ሰው ታገኛለሽ። አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ምሁር ላቦቭ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1973 በሥዕል አሳይቷል። የኩባያ ሥዕሎችን እያሰፋ እያሰፋ ሄደ፤ ሰዎች ከ"ኩባያ" ወደ "ሳህን" የሚያልፉበት ቦታ ቁርጥ ያለ መስመር አልነበረም፣ ምግብ አለበት ብለው ሲያስቡ ደግሞ ቶሎ ያልፉ ነበር። የቃል ድንበር ደብዛዛ መሆኑን በንግግር ከምታስረጂ በዓይናቸው ይዩት። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

እና ሲኒና ፍንጃል አንድ ነው ወይስ ሁለት? በእኛ ቤት አንድ ነው። በባለቤቴ ቤተሰብ አይደለም። ክፍልሽ ውስጥም እንደዚያው ይሆናል።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦
ይቅርታ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፣ የሌላ ዩኒቨርሲቲ። መምህርት፣ "ፈተና ላይ ይመጣል?" ያለውን ልጅ አይቀየሙት። እኛ የምንጠይቀው ምን እንደሚፈለግብን ስለማናውቅ ነው። ፍቺ የሚጠና ነገር ነው ወይስ የሚሸመደድ ነገር? ማንም አልነገረንም።

እኔን የገባኝ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አስተማሪያችን ገብተው ምንም ሳይናገሩ ሰሌዳው ላይ "ሌሊቱን ሙሉ ሲስል አደረ" ብለው ጻፉ። ሰውዬው ምን ነካው? አሉን። ከፊት ያለችው ጉንፋን ይዞት ነው አለች። እኔ ሠዓሊ መስሎኝ ነበር። ጓደኛዬ በግ ተራ ነው ያደገው፣ ለበዓል ቢላ ሲስል ያደረ ሰው ነው የታየው። ሦስታችንም ልክ ነን፣ ሦስታችንም ሌላውን አላሰብንም። ያን ቀን ከክፍል ስንወጣ ካፌ ቁጭ ብለን ሌላ እንደዚህ ያለ ቃል ስንፈልግ አመሸን። "ሰፊ" የሚለውን አገኘን፤ ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፣ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ። "ገና"ም እንደዚያው። ግን እነዚህ ሲነገሩ ይለያያሉ፣ ጽሑፉ ነው የሚደብቃቸው። "ሳለ" ግን ሲነገርም አይለይም።

አሮጌ ጠመኔ፦
ጎበዝ ልጅ! አስተማሪህም ጎበዝ ናቸው። ማጥበቅና ማላላቱን ከዚያኛው መለየትህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የ"ሳለ"ን ነገር ወደ ግዕዝ ውሰደውና እይ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ካገኘህ አገላብጠው። ሥዕል የሚሥለው "ሠዐለ" ነው፣ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ። ቢላ የሚስለው "ሰሐለ" ነው። የጉንፋኑ "ሰዐለ"። አራተኛም አለ፤ "ሰአለ"፣ ለመነ ማለት ነው፣ ስእለት የመጣው ከዚህ ነው፣ እኛ አሁን "ተሳለ" እና "ስለት" የምንለው። አራት ቃል ነበሩ፣ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ ነበረው። አማርኛ ውስጥ የጉሮሮ ድምፆቹ ሲጠፉ፣ ሠና ሰም አንድ ሲሆኑ፣ አራቱም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ።

ይህንን የምለው ለግዕዝ ፍቅር ብቻ አይደለም። ተማሪ ሁለት ነገር መለየት አለበት። "በላ"ን ውሰዱ። እንጀራ በላ፣ ጉቦ በላ፣ የሰው ገንዘብ በላ፣ ጀርባዬን በላኝ። ይህ አንድ ቃል ነው፣ ፍቺው እየሰፋ፣ እየተዘረጋ ሄዷል፤ ክሩን መከተል ይቻላል። "ሳለ" ግን ክር የለውም፤ ሳልና ሥዕልን የሚያገናኝ ነገር የለም። በአጋጣሚ አንድ ቤት የገቡ እንግዶች ናቸው። መማሪያዎቹ ለሁለቱ ሁለት ስም አላቸው፣ ስሙን በኋላ ያጥኑት።

ከመቐለ፦
የሳለን ነገር ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። እኛ ጋ እኮ ይህ ችግር የለም! ትግርኛ ሐንም ዐንም እስከ ዛሬ ያወጣቸዋል። ቢላ መሳል "ሰሓለ" ነው፣ የጉንፋኑ ሳል "ሰዓል" ነው፣ ማንም አያምታታቸውም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ራስ ሚካኤል "ስሑል" የተባሉትም በዚህ ነው፣ የተሳለ፣ ስል የሆነ ሰው ማለት ነው። ክፍልሽ ውስጥ ትግርኛ ተናጋሪ ካለ ያንን ዓረፍተ ነገር ተርጉም በይው። የትኛውን ልተርጉም ብሎ ይጠይቅሻል። ለሌሎቹ ትምህርቱ እዚያች ጥያቄ ላይ ነው ያለው።

ከሃይፋ፦
እዚህም ተመሳሳይ ነገር አለ። በዕብራይስጥ "ሻአል" ጠየቀ ማለት ነው፣ ሳል ደግሞ "ሺዑል" ነው። አንዱ በአሌፍ፣ ሌላው በዐይን ይጻፋል። ሽማግሌ የየመን አይሁዶች ሲናገሩ ዐይኑ ከጉሮሮ ሲወጣ ይሰማችኋል፤ አብዛኛው ወጣት ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚያወጣው። ልጆቼ ይህንን ሲጽፉ ይሳሳታሉ። እኔም አማርኛ ስጽፍ "ዓመት"ን በየትኛው አ ብዬ እንደምቸገረው ማለት ነው። ዘመድ ቋንቋዎች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላየሁም፣ ለተማሪዎቹ ንገሪልኝ።

እናት በቨርጂኒያ፦
እኔ የሥነ ልሳን ሰው አይደለሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ፣ በፈቃደኝነት። ግን የምታወሩትን በየሳምንቱ አየዋለሁ። ልጆቹ "ጫማዬን ለበስኩ" ይላሉ። "መነጽር ለበሰ"፣ "ሰዓት ለበሰች"። በእንግሊዝኛ አንድ ግሥ ለሁሉም ይበቃል፣ ስለዚህ አንዱን ይዘው ሁሉም ላይ ያደርጉታል። እኛ ግን ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማና መነጽር እናደርጋለን፣ ሰዓት እናስራለን፣ ቀበቶ እንታጠቃለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን፣ ንጉሥ ከሆንን ዘውድ እንደፋለን። ነጠላማ ብቻውን ትምህርት ነው። መልበስ አለ፣ መከናነብ አለ፣ ማጣፋት አለ፣ ትልቅ ሰው ፊት ማደግደግ አለ።

አንዷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ "ለምንድን ነው እንደዚህ የሚበዛው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ካላችሁ ንገሩኝ።

ጥብቅ ሐሳብ፦
እህቴ፣ ለልጅቷ "እያንዳንዱ ቋንቋ ዓለምን የሚቆርስበት ቦታ የተለያየ ነው" በያት። የእኛ አንዳንዱ ግሥ ልብሱ የሚያርፍበትን የሰውነት ክፍልና አኳኋኑን ውስጡ ይይዛል። እንግሊዝኛው ያንን ለሌላ ቃል ይተወዋል።

እና መምህርት፣ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከላይ ያልኩትን ትንሽ ላሻሽል። ኔዘርላንድ ያለው የማክስ ፕላንክ የቋንቋ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በ28 ቋንቋ የመቁረጥና የመስበር ግሦችን አጥንተዋል። 61 አጫጭር ቪዲዮ እያሳዩ "ምን አደረገ?" ብለው ጠየቁ። ይህንን በአማርኛ ክፍል ውስጥ ማድረግ ይቻላል፣ ዘዴም ያስተምራል። መረጃ አሰባሰቡ ያው ነው፣ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ይጻፉ። የእንግሊዝኛው ጭንቀትሽም በዚህ ይቃለላል ብዬ አስባለሁ፤ ነገሩን በአፋቸው ያውቁታል፣ የሚታገሉት ከመግለጫው ቋንቋ ጋር ብቻ ነው።

ሲኒና ረከቦት፦
ኧረ ይሄ ወጥ ቤት ነው ያለው! ሽንኩርት ይከተፋል፣ ጎመን ይቀነጠሳል፣ እንጀራ ይቆረሳል፣ ዶሮ ይታረዳል፣ እንጨት ይፈለጣል። ውጭ ስትወጪ ጤፍ ይታጨዳል፣ በግ ይሸለታል፣ ጢም ይላጫል። ገመድ በቢላ ከሆነ ይቆረጣል፣ ተስቦ ከሆነ ይበጠሳል፤ ውጤቱ አንድ ነው፣ መንገዱ ነው የተለየው። ቢላው አንድ ሆኖ ደግሞ በጉን አረድሽው፣ ሽንኩርቱን ከተፍሽው። ስለዚህ መሣሪያው ብቻ አይወስንም። ልጆቹ ራሳቸው ሠንጠረዥ ሠርተው መሣሪያ፣ የሚቆረጠው፣ አኳኋን፣ ውጤት ብለው ይሙሉት። "ቁርስ" ከ"ቆረሰ"፣ "ክትፎ" ከ"ከተፈ" መምጣቱን ሲያዩ ደስታቸውን ታያለሽ።

የጅማ ልጅ፦
እኔ አፍ የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ዲግሪዬን የሠራሁት በሥነ ልሳን ነው። ክፍል ውስጥ "በአማርኛ ምን ይባላል" ሲባል ሁልጊዜ ወደ ኋላ እቀር ነበር። መምህርት፣ ይህንን አስቢበት። ሃምሳ ተማሪ ካለሽ ምናልባት ስድስት ሰባት ቋንቋ ክፍልሽ ውስጥ አለ። እሱን ተጠቀሚበት።

እኔ ብሆን ከብት አመጣ ነበር። በአማርኛ ጥጃ አለ፣ ጾታው አይነገርም። ካደገ በኋላ ወንዱ ወይፈን፣ ሴቷ ጊደር። ከዚያ ላም። ወንዱ ካልተኮላሸ ኮርማ፣ ለእርሻ የሚጠመደው በሬ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ መኮላሸት፤ ሦስት ነገር ይዘሽ ሁሉንም መለየት ትችያለሽ፣ እዚህ ላይ የቅንጣቱ ዘዴ፣ ቃሉን እንደ "ባችለር" ወደ ትናንሽ የፍቺ ቅንጣቶች መበተኑ፣ በደንብ ይሠራል፣ ከወንደላጤ ይልቅ። በእኛም ኮርማ ኮርማ ነው። "ሰንጋ" ግን በእኛ የተኮላሸው በሬ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሰንጋ ሲል የሚታየው ለበዓል የደለበው ነው። ቃሉ አንድ፣ የያዘው ቦታ የተለያየ።

ሌላም ነገር አለ። የከተማው ልጅ ጊደርና ወይፈንን አይለይም። የገጠሩ ልጅ ያን ቀን አስተማሪ ይሆናል። እኔ ያ ቀን ቢገጥመኝ ኖሮ ቶሎ አፌን እፈታ ነበር።

አሮጌ ጠመኔ፦
የጅማ ልጅ ያልከው ልቤን ነካው። እኔ በማስተምርበት ዘመን ይህንን አላደረግኩም፣ ማድረግ ነበረብኝ።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምርና ልተኛ። ጎረቤት ሄደሽ "ጨው አበድሪኝ" ትያለሽ። "ወንፊት አበድሪኝ" አትይም፤ "አውሺኝ" ነው። ጨዉ ይበላል፣ የምትመልሺው ሌላ ጨው ነው። ወንፊቱ ግን ራሱ ይመለሳል። ብር ይበደሩታል፣ መጽሐፍ ይዋሱታል። ይህንን ማንም ክፍል ውስጥ አላስተማረንም፣ ግን ሳንሳሳት እንናገረዋለን። ተማሪዎችሽን "ልዩነቱ ምንድን ነው?" በያቸውና አምስት ደቂቃ ዝም በይ።

የፍቺ መምህርት፦
ዛሬ ከክፍል ወጥቼ ነው የምጽፈው። በወንደላጤ ጀመርኩ። አሮጌ ጠመኔ፣ እንዳሉኝ ነው የሆነው፣ እናቱ ቤት ያለው ሰውዬ ላይ ክፍሉ ተነጠቀኝ። የጊዜ ማብቂያው ሲደርስ አልወጡም። "ፈተና ላይ ይመጣል?" ያለው ልጅ የመነኩሴውን ነገር ይዞ በረንዳ ላይ ሲከራከር አገኘሁት።

ቀጥዬ "ሲስል አደረ"ን ጻፍኩ። ከአዲግራት የመጣች ተማሪ አለችኝ፣ እስከ ዛሬ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። ልክ ከመቐለ እንደተባለው "መምህር፣ የትኛውን?" አለች። ተነስታ ሦስቱን በትግርኛ ተናገረች፣ ክፍሉ እየተከተለ ሐንና ዐን ከጉሮሮው ለማውጣት ሞከረ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣ፣ መልስ ሳልሰጥ ነው የወጣሁት። ስለትን ስናነሳ አንዷ "አያቴ ስለት ስለት የተባለው ስለሚቆርጥ ነው ትላለች፤ ተስለሽ ካላስገባሽ ይቆርጥሻል" አለች። የግዕዙን ነገርኳት፣ የቢላው ስለትና የቤተ ክርስቲያኑ ስለት የተለያየ ሥር እንዳላቸው። እሷ ግን "ለአያቴ ግን አንድ ቃል ነው፤ እሷ ግዕዝ አታውቅም፣ አማርኛ ነው የምታውቀው። የማን ፍቺ ነው የሚቆጠረው?" አለችኝ።

አሮጌ ጠመኔ፦
ልጅቷን አመስግኚልኝ። የታሪክ ጥያቄ ከሆነ የተጠየቅሽው ሁለት ቃል ነው። የአያትየዋ ጭንቅላት ውስጥ ምን አለ ከሆነ ግን አንድ ነው፣ ክሩን ራሷ ፈትላዋለች። መዝገበ ቃላት የሚጽፍ ሰው አንዱን መምረጥ አለበት። ተማሪሽ ግን መምረጥ የለባትም፣ ሁለቱን ጥያቄዎች ለይታ መያዝ ነው ያለባት።

የፍቺ መምህርት፦
እንደዚያው እነግራታለሁ። ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ ሰጥቻለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ወይም ሰፈሩ ያለ አንድ ትልቅ ሰው በአፍ መፍቻው ቋንቋ ይጠይቃል፤ የመቁረጥ ግሦችን፣ የከብቱን ስሞች፣ ስለትን። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ነው፣ ጥብቅ ሐሳብ እንዳልከው። ረከቦቱንም ይዤ እሄዳለሁ። ውጤቱን እዚሁ እለጥፋለሁ።